ርካሽ የቤንዚን ሞተር መጋዝ አልፎ አልፎ ለሚሠራ የቤት ሥራ ይስማማልን?

የወልድያን፣ የመርሳንና የሀብሩን ሁኔታ መነሻ ያደረገ የመሣሪያ ምርጫ ጥናት

በድርቅ ወይም በመፈናቀል የተጎዳ ቤተሰብ እንደገና እንዲቋቋም በሚደረገው ጥረት ስለ ማረሻ፣ ስለ ዶማና ስለ አካፋ ብዙ ተነግሯል፤ ስለ እንጨት መቁረጫ መሣሪያ ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። ሆኖም ባለፉት ዓመታት በየከተማው የሕንፃ መሣሪያ መደብሮች በቤንዚን የሚሠራ ሞተር መጋዝ በአነስተኛ ዋጋ መሸጥ በመጀመሩ፣ ቀድሞ የደን ድርጅትና የጣውላ ነጋዴ ይይዘው የነበረው ይህ መሣሪያ የተራው አባወራና እማወራ ጥያቄ እየሆነ መጥቷል። የመንግሥት ጽሕፈት ቤቶችና የዕርዳታ ድርጅቶችም በመልሶ ማቋቋም ዕቅዳቸው ውስጥ ይግባ ወይስ አይግባ እያሉ ሊመክሩበት ይገደዳሉ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ርካሹ ሞተር መጋዝ በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ለሚሠራ የቤት ሥራ የሚስማማ መሆን አለመሆኑን እንመረምራለን።

ጉዳዩ ከመሣሪያነት ያልፋል። በሰሜን ወሎ ገጠር በጓሮና በማሳ ዳር የቆመ ባሕር ዛፍ እንደ ጎተራ ይቆጠራል። ዝናብ ሲቀር፣ በጉና ፍየሉም ተሸጦ ሲያልቅ፣ ዛፉ እየተቆረጠ እህል ይገዛበታል። ድርቅ በ1966፣ በ1977፣ ቆይቶም በ2008 ዓ.ም. ይህን አካባቢ ሲመታ ያየ ሰው፣ ዛፍ ያለው ቤትና ዛፍ የሌለው ቤት ክፉውን ወር እኩል እንደማያልፉት ያውቃል። እንግዲህ ዛፍ የሚጥል ሞተር ለአንድ ቤት መስጠት የዚያን ጎተራ በር ማስፋት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ጎልማሳ ወንድ የሌለበት ቤት፣ ዛፍ እያለው ቆራጭ አጥቶ ወይም ለቆራጭ የሚከፍለው አጥቶ ሊቸገር ይችላል። መሣሪያው ተገዝቶ በሁለተኛው ወር ቢበላሽ ደግሞ የከሰረው የአንድ ድሀ ቤተሰብ ጥሪት ነው። ሦስቱንም አመዛዝኖ መፍረድ የባለሙያው ድርሻ ይሆናል።

ሥራው ምንድን ነው?

ምዘናው መጀመር ያለበት ከሥራው ነው። በሀብሩ ወረዳ አንድ ገበሬ በዓመት ውስጥ ምን ያህል እንጨት፣ ምን ዓይነትና ምን ያህል ውፍረት ያለው እንጨት ይቆርጣል? ለጭቃ ቤት ግድግዳ የሚቆመው እንጨት፣ ማገሩና ወራጁ አብዛኛውን ጊዜ ከሰው ክንድ ያልወፈረ ባሕር ዛፍ ነው። ይህን ለመቁረጥ ስለቱ የተጠበቀ ባለ ቀስት እጀታ የእጅ መጋዝ ይበቃል፤ አንዱን ግንድ ለመጣል የሚፈጀውም ጊዜ የደቂቃዎች ነው። ሞተሩን ቤንዚን ሞልቶ፣ ሰንሰለቱን አጥብቆ፣ ገመዱን ስቦ እስኪያስነሡት ድረስ በእጅ መጋዝ ሦስት አራት ግንድ ይወድቃል። ለማገዶ ደግሞ ከመቁረጡ ይልቅ ፍልጡ ነው የሚያደክመው፤ ሞተር መጋዝ እንጨት አይፈልጥም፣ ያ የምሣር ሥራ ነው።

በመርሳና በጊራና የመስኖ እርሻዎች ያሉት የማንጎና የብርቱካን ዛፎች ሌላ ጉዳይ ናቸው። ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ መገረዝ ያስፈልገዋል፤ ይህንንም ሥራ ለማቃለል ሞተር መጋዝ የሚያስብ ባለ አትክልት ሊኖር ይችላል። ዳሩ ግን የሚገረዘው ቅርንጫፍ ቀጭንና ከራስ በላይ ያለ ነው። አምስት ስድስት ኪሎ የሚመዝን ሞተር ይዞ መሰላል ላይ መውጣት፣ ከዚያም በአንድ እጅ ዛፉን በሌላው ሞተሩን ለመያዝ መሞከር ከሁሉ የከፋው አደጋ ነው። ለመግረዝ በእጅ የሚያዝ ጠማማ የመግረዣ መጋዝ ይሻላል፤ ቁስሉም ንጹሕ ስለሚሆን ዛፉ ቶሎ ይድናል።

ታዲያ ሞተር መጋዝ መቼ ነው የሚያስፈልገው? ግንዱ ከሃያ አምስት ሳንቲ ሜትር በላይ ሲወፍር፣ ያረጁ ባሕር ዛፎች በብዛት ወድቀው በአጭር በአጭሩ መቆራረጥ ሲኖርባቸው፣ ጎርፍ ወይም ነፋስ የጣለው ትልቅ ዛፍ መንገድ ወይም የመስኖ ቦይ ሲዘጋ፣ ደረቅ ግራር ሲያጋጥም ነው። የእነዚህ ሥራዎች ቀን ለአንድ ቤት ሲደመር በዓመት ከአምስትና ከስድስት ቀን አይዘልም ብንል ከእውነቱ አንርቅም። ቤት የሚሠራ ሰው በሠራበት ዓመት የበለጠ ይፈልግ ይሆናል፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን መሣሪያው ጥግ ላይ ተቀምጦ ይውላል።

ርካሹ መሣሪያ ምንድን ነው?

ሞተር መጋዝ በዓለም ገበያ አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው አንድሪያስ ሽቲል እ.ኤ.አ. በ1926 በኤሌክትሪክ፣ በ1929 ደግሞ በቤንዚን የሚሠራውን አውጥቶ ነበር፤ ግን ሁለት ሰው የሚሸከመው ከባድ ዕቃ ነበር። አንድ ሰው ብቻውን የሚይዘው ዓይነት የተስፋፋው ከ1950 ወዲህ ነው። ዛሬ በርካሽ የሚሸጠው አብዛኛው በቻይና ተሠርቶ በልዩ ልዩ ስም የሚመጣ፣ በቀለም ካልሆነ በቀር እርስ በርሱ የሚመሳሰል ሲሆን፣ ጎኑ ላይ 5200 ወይም 5800 የሚል ቁጥር ይጻፍበታል። ቁጥሩ የሲሊንደሩን መጠን፣ ማለትም 52 ወይም 58 ሲሲ መሆኑን ለማመልከት የታሰበ ነው። ባሩ፣ ማለትም ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅሙ ብረት፣ አብዛኛውን ጊዜ ሃምሳ ሳንቲ ሜትር ነው።

በስያሜው ብቻ መታመን አይገባም። የመመሪያው ደብተር የሲሊንደሩን የውስጥ ስፋትና የፒስቶኑን ምላሽ ርዝመት በሚሊ ሜትር ጽፎ ከሆነ ማንኛውም ሰው ሊያሰላው ይችላል። ስፋቱ በራሱ ተባዝቶ፣ የተገኘው በ0.785፣ ያም በምላሹ ርዝመት ይባዛል፤ ከዚያ ለ1,000 ይካፈላል። ለምሳሌ ስፋቱ 45፣ ምላሹ 32 ሚሊ ሜትር ቢሆን ውጤቱ 51 ሲሲ ያህል ነው። ጎኑ ላይ የተጻፈው 62 ከሆነ ግን ሻጩ ቁጥር እንጂ ጉልበት አልሸጠም።

ለቤት ሥራ ትልቅ ቁጥር መፈለግም ስሕተት ነው። ሁለገብ ለሆነ ቀላል ሥራ ከ35 እስከ 45 ሲሲና አርባ ሳንቲ ሜትር ባር ይበቃል። የረዘመ ባር ክብደቱን ወደ ፊት ያዘነብላል፣ ብዙ ዘይት ይጠጣል፣ ጫፉም ከሠራተኛው ዓይን ስለሚርቅ ድንጋይና መሬት ይነካል። ገዢው ግን በመደብሩ ውስጥ ረጅሙን ያነሣል፤ ርዝመት ሁልጊዜ ጥንካሬ ይመስላልና።

ስለ ከፍታ

ይህ ነጥብ በመመሪያ ደብተሮች ውስጥ በአንድ መስመር የሚታለፍ ሲሆን ለእኛ አካባቢ ግን ከሁሉ ይበልጣል። ቤንዚን ሞተር ከባሕር ጠለል በላይ በየመቶ ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ ከመቶ ያህል ያጣል። ወልድያ 2,100 ሜትር ያህል፣ መርሳ ደግሞ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛሉ። እንግዲህ በወረቀት ላይ 2 ኪሎ ዋት የተባለው ሞተር ወልድያ ላይ ሲነሣ 1.6 ኪሎ ዋት ገደማ ብቻ ይሰጣል፤ ያም የተባለው ቁጥር እውነተኛ ከሆነ ነው።

ጉልበቱ መቀነሱ ብዙም አይጎዳም፤ የሚጎዳው የነዳጁና የአየሩ ድልድል መዛባቱ ነው። ከፍታው ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ካርቡሬተሩ ከአየሩ ጋር የማይመጣጠን ብዙ ነዳጅ ይሰጣል። ሞተሩ ይጨሳል፣ ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል፣ ሲሞቅ አልነሣ ይላል። ስለዚህ መካኒኩ የነዳጅ ማስተካከያውን ብሎን ጥቂት ያጠብቅለታል፤ ሞተሩም ደኅና ይሠራል። ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ወልድያ ላይ እንዲህ የተስተካከለው ሞተር ከመርሳ በታች ወዳለው ቆላ ቢወርድ አየሩ ይወፍራል፣ ነዳጁ ያንሳል። በባለ ሁለት ምት ሞተር ውስጥ ፒስቶኑን የሚያለሰልሰው ዘይት ከነዳጁ ጋር የሚገባው ብቻ በመሆኑ፣ ነዳጁ ሲያንስ ዘይቱም ያንሳል፤ ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃ ከወትሮው በላይ በጩኸትና በኃይል ይሠራና ፒስቶኑ ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል። ባለቤቱ ያ ኃይለኛ ድምፅ የጤና ምልክት መስሎት ይደሰታል።

ለሠፈራ ሥራ ይህ ከባድ ትምህርት ነው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ከተወሰዱት ስድስት መቶ ሺህ ከሚጠጉ ሰዎች አብዛኞቹ የወሎ ሰዎች ነበሩ። ከእነዚህ ሠፋሪዎች ከፊሎቹ የገቡበት ፓዊ ከወልድያ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ይዘቅዝቃል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ ውስጥ በተካሄደው ሠፈራ ሰው የሄደበት መተማ ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። ከደጋ ተገዝቶና ተስተካክሎ ወደ እንዲህ ያለ ቦታ የሚላክ ሞተር መጋዝ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በሄደበት ቦታ እንደገና መስተካከል አለበት። የማስተካከያ ብሎኑ በፕላስቲክ ቆብ የታሰረ ከሆነም ይህን ማድረግ የሚችል መካኒክ መኖሩ ቀድሞ ይጠየቅ።

አልፎ አልፎ መሥራት ለሞተር ዕረፍት አይደለም

ብዙ ሰው «በዓመት አምስት ቀን ብቻ ከሆነ ርካሹ ይበቃል» ይላል። አነጋገሩ ግማሽ እውነት አለው። ርካሽ ሞተር ለጥቂት ሰዓት ሥራ የሚሆን ጥንካሬ አያጣም፤ ፒስቶኑና ሲሊንደሩ ከማለቃቸው በፊት ብዙ እንጨት ይቆርጣል። የእንዲህ ዓይነቱን ሞተር ዕድሜ የሚያሳጥረው ግን ሥራው ሳይሆን ቆይታው ነው።

ከዘይት ጋር የተቀላቀለ ቤንዚን አንድ ወር ከቆየ በኋላ መበላሸት ይጀምራል። በካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረው ጠብታ ተኖ ሲያልቅ እንደ ሙጫ ያለ ዝቃጭ ትቶ ይሄዳል፤ ይህም ከመርፌ ቀዳዳ የጠበቡትን የነዳጅ መተላለፊያዎች ይደፍናል። ነዳጁን የሚስበው ስስ የጎማ ሽፋን ይደርቃል፣ ይሸበሸባል። የነዳጁ ቱቦ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በኅዳር ዛፍ ቆርጦ ሞተሩን ከነነዳጁ ጎተራ ሥር ያስቀመጠ ሰው በግንቦት ቢስበው፣ ቢስበው፣ አይነሣለትም። መካኒክ ዘንድ ይወስደዋል፤ መካኒኩ ካርቡሬተሩን ፈትቶ ያጥባል ወይም ይለውጣል፤ በዓመቱ ያው ይደገማል። የአምስት ቀን ሥራ ያለው ሰው በየዓመቱ አንድ ጥገና ከከፈለ፣ የጥገናውን ዋጋ ለአምስት አካፍሎ በየቀኑ ሥራ ላይ ይጨምር። ከዚያ አንድ ቆራጭ ለአንድ ቀን ከሚጠይቀው ጋር ያስተያይ። የብር ቁጥር እዚህ ያልጻፍነው ዋጋ በየወሩ ስለሚለዋወጥ ነው፤ ሒሳቡን ግን የወረዳው ባለሙያ በዚያው በቀበሌው ዋጋ ሊሠራው ይችላል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ይሁን እንጂ ዲሲፕሊን ይጠይቃል። ሥራው እንዳለቀ በዕለቱ የቀረው ነዳጅ ይቀዳል፣ ከዚያ ሞተሩ ተነሥቶ በራሱ ጊዜ እስኪጠፋ ድረስ በሚኒሞ ይሠራል። ካንዴላው ተፈቶ ጥቂት ጠብታ ዘይት ወደ ሲሊንደሩ ይገባና ገመዱ በዝግታ ሁለት ሦስት ጊዜ ይሳባል። ሰንሰለቱ በዘይት ይነከራል። ይህን ሁሉ የሚያደርግ ሰው ርካሹን ሞተር ለብዙ ዓመት ሊጠቀምበት ይችላል። የማያደርግ ሰው ውዱንም ቢገዛ አይጠቅመውም።

ስለ ነዳጁ ድልድል አንድ ቃል እንጨምር። የታወቁት ኩባንያዎች ሞተር በጥሩ የባለ ሁለት ምት ዘይት ሃምሳ ለአንድ፣ ማለት ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ይበቃዋል። ርካሾቹ አብዛኛውን ጊዜ ሃያ አምስት ለአንድ፣ ማለት 40 ሚሊ ሊትር ይጠይቃሉ። ለመኪና ሞተር የሚሆን ዘይት ለዚህ አይሆንም፤ በንጹሕ ሁኔታ አይቃጠልምና። «ለአንድ ሃይላንድ አንድ ቆብ» የሚለው የየሰፈሩ ልኬት ቢቀር ይሻላል፤ የቆብም የጠርሙስም መጠን አንድ አይደለም። በሕክምና መርፌ ያለ መርፌው መለካት ቀላልና ትክክለኛ ነው። ለሰንሰለቱ የሚፈሰው ዘይት ደግሞ ሌላ ነው፤ ከመኪና የወጣ ጥቁር ዘይት ርካሽ ቢሆንም የብረት ብናኝ ስላለው የዘይቱን ፓምፕ ይበላል፣ ባሩንም ያሳልለዋል፤ ለሠራተኛው ቆዳና ለአፈሩም አይበጅም።

አንድ ሞተር ለአንድ ቡድን?

የዕርዳታ ሠራተኞች ሞተር መጋዝ ለእያንዳንዱ ቤት መስጠት ስለማይቻል ለሃያ ወይም ለሠላሳ ቤት አንድ ርካሽ ሞተር ቢሰጥ ይሻላል ብለው ያስባሉ። ሐሳቡ ፍትሐዊ ይመስላል፤ በእኔ ግምት ግን ከሁሉም የከፋው ምርጫ ይህ ነው። ሠላሳ ቤት በዓመት አምስት አምስት ቀን ቢሠራበት ሞተሩ መቶ ሃምሳ ቀን ሠራ ማለት ነው። ይህ አልፎ አልፎ የሚሠራ የቤት ሥራ መሆኑ ቀርቶ የቆራጭ ሙያተኛ ሥራ ሆነ። ሠላሳ ሰው ሠላሳ ዓይነት ድልድል ይቀዳበታል፤ የደነዘዘውን ሰንሰለት ማንም አይሞርደውም፤ ሲሰበር የሰበረው አይታወቅም። ርካሹ ሞተር ሊሸከመው የሚችለው የአንድ ጠንቃቃ ባለቤት ጥቂት ሥራ ነው፤ የብዙ ሰው ብዙ ሥራ ከተፈለገ ጠንካራና መለዋወጫው የሚገኝ ሞተር፣ ከእርሱም ጋር የሠለጠኑ አንድ ወይም ሁለት ቆራጮች ያስፈልጋሉ። እነዚህ ቆራጮች በቀን ዋጋ ለመንደሩ ቢያገለግሉ፣ አቅም የሌላቸውን ቤቶች በነጻ እንዲቆርጡላቸው በውሉ ቢጻፍ፣ ጥቅሙ ወደ ሁሉም ይደርሳል።

በሀብሩ ወረዳ ጃራ የነበረውን የተፈናቃዮች መጠለያ እንደ ምሳሌ ማንሣት ይቻላል። ብዙ ሰው በአንድ ስፍራ በሚሰበሰብበት ቦታ የማገዶ ጥያቄ ከእህሉ ቀጥሎ ይመጣል፤ በአቅራቢያው ያለው ቁጥቋጦና ግራርም ይሳሳል። በእንዲህ ያለ ቦታ ሞተር መጋዝ ማከፋፈል የማገዶን ችግር አያቃልልም፤ የሚጨርስበትን ቀን ያቀርባል እንጂ። እዚያ የሚያስፈልገው የተሻሻለ ምድጃና ከሌላ ቦታ በውል የሚመጣ እንጨት ነው።

በመደብር ውስጥ የሚደረግ ምርመራ

ግዢው ከተወሰነ ሳጥኑ ሳይከፈት ገንዘብ አይከፈል። በመጀመሪያ የፊት እጀታው አጠገብ ያለው የእጅ መከላከያ ወደ ፊት ሲገፋ «ቋ» ብሎ የሚቆልፍ የሰንሰለት ፍሬን መሆኑ ይታይ፤ መከላከያው እንዲሁ የቆመ ፕላስቲክ ብቻ ከሆነ ዕቃው ይመለስ። ቃታው የሚሳበው ከበላዩ ያለው መቆለፊያ አብሮ ሲጨበጥ ብቻ መሆን አለበት። ገመዱ ቀስ ተብሎ ሲሳብ ተቃውሞ ሊሰማ ይገባል፤ እንደ ክር የሚሳብ ከሆነ ሞተሩ መታመቅ አቅቶታል። ከተቻለ ነዳጅ ተቀድቶ ይነሣ፤ በሚኒሞ ሲሠራ ሰንሰለቱ ፈጽሞ መዞር የለበትም። ባሩን ወደ ነጭ ወረቀት አስጠግቶ ጥቂት ነዳጅ ቢሰጡት ወረቀቱ ላይ የዘይት ጭረት ሊታይ ይገባል፤ ካልታየ ፓምፑ አይሠራም። አጥፍቶ ለአምስት ደቂቃ ቆይቶ በትኩሱ እንደገና ማስነሣት ደግሞ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ፈተና ነው፤ ርካሽ ሞተሮች ብዙ ጊዜ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ መለዋወጫው ይጠየቅ፤ ሰንሰለት፣ ካንዴላ፣ የአየር ማጣሪያ፣ የማስነሻ ገመድ፣ ካርቡሬተር በወልድያ ወይም ቢያንስ በደሴ ይገኛል ወይ? 5200 የሚባለው ዓይነት አንድ መልካም ጎን አለው፤ ብዙ ፋብሪካዎች አንድ ዓይነት አድርገው ስለሚሠሩት የአንዱ መለዋወጫ ለሌላው ብዙ ጊዜ ይገጥማል። በአንጻሩ ማንም የማያውቀው ለየት ያለ ሞዴል ርካሽ ቢሆን እንኳ አይገዛ። ሰንሰለት ሲገዛ የባሩ ርዝመት ብቻ አይበቃም፤ የጥርሶቹ ርቀት፣ በባሩ ቦይ ውስጥ የሚገባው ክፍል ውፍረትና ቁጥሩ አብረው መመዝገብ አለባቸው። ይህን ሳይዝ ወደ ከተማ የወረደ ሰው የማይገጥም ሰንሰለት ይዞ ይመለሳል። ክብ ሞረድም ከሞተሩ ጋር ይገዛ፤ ደረቅ ግራርና አቧራ የቆዳ ዛፍ ሰንሰለቱን በግማሽ ቀን ያደነዝዘዋል፣ የደነዘዘ ሰንሰለት ደግሞ ጉልበትም ነዳጅም ይበላል። ከመጋዙ የሚወጣው ፍርፋሪ መሆኑ ቀርቶ ዱቄት ሲሆን የመሞረጃው ሰዓት ደርሷል።

ነዳጅን በሚመለከት፣ 52 ሲሲ ሞተር የሚይዘው ግማሽ ሊትር ያህል ሲሆን በሙሉ ኃይል ሲሠራ ይህ ለግማሽ ሰዓት ገደማ ይበቃል። ቤንዚን በሚጠፋበት ወይም በጄሪካን መሸጥ በሚከለከልበት ጊዜ ሞተሩ ዝም ብሎ የቆመ ብረት ነው። የእጅ መጋዝ ግን ማደያ አይጠብቅም።

ስለ አደጋው

ርካሽ ሞተር ሲሸጥ የራስ ቁር፣ የዓይንና የጆሮ መከላከያ፣ ሰንሰለት የሚያግድ ሱሪ አብሮ አይመጣም። እነዚህ ተጨምረው ሲገዙ ወጪው ከሞተሩ ዋጋ ሊተካከል ይችላል፤ በዕቅድ ውስጥ የሚረሳውም ይህ ወጪ ነው። የሞተሩ ጩኸት ለሠራተኛው ጆሮ 110 ዴሲቤል ያህል ስለሚደርስ ያለ መከላከያ የሚሠራ ሰው መስማቱን ቀስ በቀስ ያጣል። ከሁሉ የከፋው ግን የባሩ ጫፍ የላይኛው ክፍል እንጨት ሲነካ መጋዙ በቅጽበት ወደ ሠራተኛው ፊትና ትከሻ መወርወሩ ነው። ይህን የሚያግደው የሰንሰለት ፍሬኑና የግራ አውራ ጣት የፊት እጀታውን ዞሮ መያዙ ብቻ ነው። ከመርሳ ወልድያ ሆስፒታል ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዋናው መንገድ የራቀ ቀበሌ ላይ ግን የተቆረጠ ሰው በሸክም ወደ መንገድ እስኪወጣ የሚፈጀው ጊዜ ነው ሕይወቱን የሚወስነው። ስለዚህ ማንም ብቻውን አይቁረጥ፤ ለማሰሪያ የሚሆን ንጹሕ ጨርቅም ከሞረዱ ጋር በአንድ ከረጢት ይያዝ።

ዛፉስ?

ባሕር ዛፍ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ የተወደደበት አንዱ ምክንያት ከጉቶው ዳግመኛ ማቆጥቆጡ ነው። በዚህ ረገድ ሞተር መጋዝ ከምሣር የሚሻልበት ነገር አለ። በምሣር የተቆረጠ ጉቶ ከፍ ብሎና ተሰነጣጥቆ ይቀራል፤ መጋዝ ግን ከመሬት አሥራ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ውሃ እንዳያቁር ጥቂት አዘንብሎ፣ ንጹሕ አድርጎ ለመቁረጥ ያስችላል። ልጡ ከተላጠ ቡቃያው ይደክማልና ሰንሰለቱ ስለት ያለው ይሁን። በቡቃያው ላይ ደግሞ ፍየል እንዳይደርስ ማጠር ከመቁረጡ ጋር አብሮ የሚታቀድ ሥራ ነው።

አገር በቀሉ ዛፍ ግን እንዲህ ፈጥኖ አይተካም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ በመንግሥትና በክልል ደን ውስጥ የበቀሉትን ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጥድ መቁረጥ ከልክሎ ነበር። ከዚያም በ1999 ዓ.ም.፣ ቀጥሎም በ2010 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1065 ወጥቶ የደን ሕጉ ተሻሽሏል። በራስ ይዞታ ላይ የበቀለም ቢሆን ከመቁረጥ በፊት የወረዳውን የደን ባለሙያ መጠየቅ ይገባል፤ ሞተር መጋዝ የሚሰጥ ድርጅት ደግሞ ከመስጠቱ በፊት ይህን ፈቃድ ራሱ ጠይቆ ለተቀባዩ በጽሑፍ ያስረክብ።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት በተለወጠ ጊዜ በወሎና በሌሎችም ቦታዎች በምግብ ለሥራ የተተከሉ ብዙ የማኅበረሰብ ደኖች ተመንጥረው እንደነበር የሚታወስ ነው። ያ ሁሉ የሆነው አብዛኛው በምሣርና በእጅ መጋዝ ነበር። ዛፉ የማን እንደሆነ ባልተወሰነበት ቦታ ፈጣን መሣሪያ ማስገባት ምን እንደሚያስከትል ከዚህ መገመት አያስቸግርም።

ለማን ይሁን?

በወልድያ ወይም በመርሳ ከተማ ዙሪያ የሚኖር፣ የወፈረ ባሕር ዛፍ ያለው፣ ሞተር ብስክሌት ወይም የውሃ ፓምፕ ይዞ የለመደ ሰው ርካሹን ሞተር መጋዝ ቢገዛ ተገቢ ነው፤ አነስተኛውን ሲሲና አጭሩን ባር ይምረጥ፣ ነዳጁን ቀድቶ ማስቀመጥንም ይማር። በጊራና የሚኖር ባለ አትክልት የመግረዣ መጋዝ ይግዛ። ከዋናው መንገድ የራቀ የሀብሩ ገበሬ፣ ቀጫጭን ባሕር ዛፍ ብቻ ያለው፣ ባለ ቀስት መጋዝ፣ ምሣርና ሞረድ ቢሰጠው ይበልጥ ይጠቀማል፤ የሦስቱ ዋጋ ተደምሮም ከሞተሩ ዋጋ ጥቂቱን ብቻ ነው የሚወስደው። አቅመ ደካሞች ለሚበዙበት መንደር የሠለጠነ ቆራጭ ከጠንካራ ሞተር ጋር ይመደብ። ለመጠለያ ጣቢያ ግን አይሰጥ።

የተሰጠው ሞተር በዕቃ ግምጃ ቤት መዝገብ ሲመዘገብ የሞተሩ ቁጥር፣ የሰንሰለቱ ሦስት ልኮች፣ የነዳጁ ድልድል፣ የተስተካከለበት ከፍታና ቀን አብረው ይጻፉ። የሥራው ሰዓት የሚሞላበት አንድ ገጽ ደግሞ ከሞተሩ ሳጥን ጋር ይታሰር፤ በዓመቱ መጨረሻ ያ ገጽ ባዶ ሆኖ ከተገኘ ሞተሩ ተመልሶ ለሌላ ይሰጥ።